ወንዝ የሸሻት ከተማ፤ የኦስቲያ ታሪክና የፍርስራሿ አነባበብ

ስለ ጥንታዊት ሮማ የምናነባቸው ታሪኮች አብዛኛዎቹ የቄሳሮችና የጦር መሪዎች ታሪኮች ናቸው። ሮማ ግን እንደማንኛውም ከተማ በየማለዳው ዳቦ የምትፈልግ ከተማ ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምእት ዓመታት የሕዝቧ ብዛት አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሶ እንደነበር ይገመታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በዙሪያዋ ያለው እርሻ ሊመግበው አይችልም ነበርና ስንዴው ከሲሲሊ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከግብፅ በመርከብ ይጫን ነበር። ይህን ስንዴ የምትቀበለው በቲቤር ወንዝና በባሕሩ መገናኛ ላይ የተቆረቆረችው፣ ከሮማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኦስቲያ ናት። ስሟም የሥራዋ ስም ነው፤ ኦስቲየም በላቲን የወንዝ አፍ ማለት ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኦስቲያን ታሪክ በአጭሩ ማስተዋወቅና ከዚያ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ጥያቄው ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ፍርስራሽ የየትኛው ዘመን ከተማ ነው? የሚል ነው። ነገሩ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በብራና መጻሕፍት ላይ ለሠራ ሰው ጥያቄው ባዳ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ከገልባጭ ወደ ገልባጭ ሲተላለፍ ብዙ እጅ ያርፍበታል፤ ኋላም አርታኢ መጥቶ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ያ የኋለኛው ጭማሪ ነው ብሎ ይለያል፤ ያስቀራል፤ ይጥላል። ኦስቲያም እንዲህ ያለ አርታኢ ገጥሟታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የሮማ ጸሐፍት ኦስቲያን የቆረቆራት አራተኛው የሮማ ንጉሥ አንኩስ ማርኪዩስ ነው ይላሉ፤ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 7ኛው ምእት ዓመት ይወስደናል። ቁፋሮው ግን የዚያን ዘመን ከተማ አላገኘም። ያገኘው ከልደት በፊት በ4ኛው ምእት ዓመት የተሠራ፣ በትላልቅ ጥርብ ድንጋዮች የታጠረ፣ ርዝመቱ 194 ሜትር፣ ስፋቱ 125 ሜትር ያህል የሆነ የጦር ሰፈር ነው። ሰፈሩ የወንዙን መግቢያና በአካባቢው የሚመረተውን ጨው ለመጠበቅ የተሠራ ነበር። ከተማዋ በኋላ ከዚህ ሰፈር አጥር እየወጣች በየአቅጣጫው ተስፋፋች።

የሮማ ጉሮሮ መሆኗ ለጠላት ሁሉ ምልክት አደረጋት። ከልደት በፊት በ87 ዓመት በእርስ በርስ ጦርነት ማሪዮስ ያዛት፤ ሠራዊቱም ዘረፋት። በ68 የባሕር ወንበዴዎች በወደቧ የቆመውን የጦር መርከብ አቃጠሉባት። ሮማውያን ድፍረቱ በደጃቸው ስለተፈጸመ እጅግ ደንግጠው በተከታዩ ዓመት፣ በ67፣ ለጦር መሪው ለፖምፔዮስ በመላው የሜዲትራንያን ባሕር ላይ ከዚያ በፊት ለአንድ ሰው ተሰጥቶ የማያውቅ ሥልጣን ሰጡት። ከዚያም ለከተማይቱ ግንብ ተሠራላት። ስለዚህ ግንብ አንድ የሚያስተምር ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ያሠራው አምባገነኑ ሱላ ነው ሲባል ኖሯል። በኋላ ግን በሮማ በር ላይ የነበረው ጽሑፍ ስብርባሪ ተሰብስቦ እንደገና ሲነበብ፣ ሥራው የተጀመረው በ63 በሲሴሮ፣ የተፈጸመው ደግሞ በ58 የሲሴሮ ብርቱ ጠላት በነበረው በክሎዲዮስ መሆኑ ታወቀ። ጥቂት የተሰበሩ ፊደላት የአንድን ግንብ ባለቤትና ዘመን ለወጡ ማለት ነው።

ኦስቲያ ወደብ ትባል እንጂ እውነተኛ ወደብ አልነበራትም። ቲቤር ከተራራ አጥቦ የሚያመጣው ደለል በአፉ ላይ እየተከመረ ትልልቅ መርከቦችን ስለሚያግድ፣ ጭነታቸውን ገና ባሕር ላይ ሳሉ በትናንሽ ጀልባዎች ማራገፍ ነበረባቸው። ከዚህ የተነሳ ከእስክንድርያ የሚነሱት ታላላቅ የስንዴ መርከቦች ወደ ሮማ አይደርሱም፤ ከኔፕልስ አጠገብ በምትገኘው ፑቲዮሉስ ያራግፋሉ። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ይህን ስም ያስታውሰዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ከመላጥያ በእስክንድርያ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሮማ ሲወሰድ የወረደው በፑቲዮሉስ ነው፤ የቀረውን መንገድ የሄደው በእግር ነው።

በዚያው መጽሐፍ በቀላውዴዎስ ቄሳር ዘመን ሆነ የተባለውን ረሃብ ሮማም በበኩሏ ቀምሳዋለች። ቀላውዴዎስ በ42 ዓ.ም. ከኦስቲያ በስተሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰው ሠራሽ ወደብ እንዲቆፈር አዘዘ። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ እንደሚተርከው መሐንዲሶቹ ወጪው ስንት እንደሚሆን ሲጠየቁ፣ ይህንስ ባታስበው ይሻላል የሚል መልስ ነበር የሰጡት። ንጉሡ ግን አልሰማቸውም። ለወደቡ መብራት ማማ መሠረት የሚሆን ደሴት በጠፋ ጊዜ፣ ከእርሱ በፊት የነገሠው ካሊጉላ ከግብፅ ሐውልት ያስመጣበት ግዙፍ መርከብ ተሞልቶ እንዲሰምጥ ተደረገ። ማማው በመርከቡ ላይ ቆመ። ያ ሐውልት ዛሬ በቫቲካን በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ የምናየው ነው።

ወደቡ ሰፊ ነበር፤ ስፋቱም ጉዳት አመጣበት። በ62 ዓ.ም. የተነሣ ማዕበል በወደቡ ውስጥ ሆነው ጥግ ይዘናል ያሉትን 200 ያህል መርከቦች እንዳሰጠመ ታሲተስ ጽፏል። ኔሮን በ64 ሥራው መፈጸሙን ገንዘብ አስቀርጾ አወጀ፤ ሆኖም አስተማማኝ መጠለያ የተገኘው ትራጃን በ2ኛው ምእት ዓመት መባቻ ከቀላውዴዎስ ወደብ በስተውስጥ ባለ ስድስት ማዕዘን ኩሬ ባስቆፈረ ጊዜ ነው። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 358 ሜትር ያህል ነው። ኩሬው ዛሬም ውኃ እንደያዘ አለ። የቀላውዴዎስ ወደብ ግን ደርቆ ከምድር በታች ሆኗል፤ የሮማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ፊውሚቺኖ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው፤ ሲሠራም የጥንት መርከቦች ቅሪት ከጭቃው ወጥቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፊውሚቺኖ የሚያርፍ መንገደኛ እንግዲህ የሚረግጠው የቀላውዴዎስን ባሕር ነው ማለት ይቻላል።

አዲሱ ወደብ ኦስቲያን በአንድ ጊዜ አልገደላትም፤ እንዲያውም አበለጸጋት። የ2ኛው ምእት ዓመት ኦስቲያ የመዝገብ ቤት፣ የጎተራ፣ የነጋዴ ማኅበራትና የኪራይ ቤቶች ከተማ ነበረች። ሕዝቧ ከ40,000 እስከ 60,000 ይደርስ ነበር የሚል ግምት አለ። ይህን ያህል ሰው በጠባብ ቦታ ለማኖር በሸክላ ጡብ ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው ቤቶች ተሠሩ። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ከሱቁ በላይ ለባለሱቁ ቆጥ መሰል ማደሪያ አለ፤ ከዚያ በላይ ተከራዮች በየክፍሉ ይኖራሉ። ፖምፔይ የተባለችው በእሳተ ገሞራ የተቀበረች ከተማ የባለጠጎችን ሰፊ ግቢ ስታሳየን፣ ኦስቲያ የምታሳየን የኪራይ ኑሮን ነው። ስለዚህም እኔ ከፖምፔይ ይልቅ ኦስቲያ ለዛሬ ከተሜ የቀረበች ናት ባይ ነኝ።

ከቲያትር ቤቱ በስተጀርባ ያለው አደባባይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዙሪያው 60 ያህል ትናንሽ ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉ ደጃፍ ወለሉ ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተሣለ ሥዕልና ጽሑፍ ይታያል። መርከብ፣ የመብራት ማማ፣ ዓሣ፣ የስንዴ መስፈሪያ ተሥሏል። ጽሑፉ የካርታጎ ሰዎች፣ የእስክንድርያ ሰዎች፣ በደቡብ ጎል የናርቦን ሰዎች፣ በሰርዲኒያ የካራሊስ ሰዎች እያለ ይቀጥላል። ዛሬ በሊቢያ ግዛት የምትገኘው የሳብራታ ሰዎች ምልክታቸው ዝሆን ነው። የዝሆን ጥርስ ንግድ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። በዚያው ዘመን ከአዱሊስ ይወጣ የነበረው የዝሆን ጥርስም በቀይ ባሕርና በእስክንድርያ በኩል አድርጎ ወደ ሮማ ገበያ ይደርስ ስለነበር፣ የእኛም አገር ዕቃ በእነዚህ ጎተራዎች ሳያልፍ አልቀረም ብሎ መገመት ድፍረት አይሆንም።

የኦስቲያ ጽሑፎች ሲነበቡ የሚገርመው የተራው ሰው ድምፅ መብዛቱ ነው። ከታላላቆቹ ጎተራዎች በአንዱ በር ላይ በእምነ በረድ የተቀረጹት ስሞች ኤፓጋቶስና ኤፓፍሮዲቶስ ይባላሉ። ሁለቱም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ባለቤቶቹም ነፃ የወጡ ባሮች እንደነበሩ ይታመናል። ባሪያ ሆነው በሌላ ሰው ንብረትነት ይቆጠሩ የነበሩ ሰዎች የራሳቸውን ስም በራሳቸው ንብረት ላይ በትልቁ አስቀረጹ። ከአንድ መቃብር የተገኘና አሁን በቫቲካን ያለ ሥዕል ደግሞ ኢሲስ ጌሚኒያና የተባለች ጀልባ ስትጫን ያሳያል። አዛዡ ፋርናቄስ ከበስተኋላ ቆሟል፤ ተሸካሚዎች ስንዴውን በከረጢት ያመጣሉ፤ ሌላው ይሰፍራል። ከጎን የተቀመጠው ሰው አጠገብ አንዲት የላቲን ቃል ተጽፋለች፤ ትርጉሟም ጨረስኩ ነው። ከብዙ የነገሥታት የድል ጽሑፍ ይህች አንዲት ቃል ስለ ሮማ አኗኗር የበለጠ ትነግረናለች።

በኦስቲያና በአዲሱ ወደብ መካከል ያለው የመቃብር ስፍራም እንዲሁ ነው። እዚያ ስክሪቦኒያ አቲኬ የተባለች ሴት ለራሷ፣ ለባሏና ለእናቷ ያሠራችው መቃብር አለ። በመግቢያው ላይ በሸክላ የተቀረጹ ሁለት ምስሎች ይታያሉ። በአንደኛው አንዲት ሴት በምጥ ወንበር ተቀምጣለች፤ ሌላይቱ ከኋላ ደግፋታለች፤ አዋላጇም ከፊቷ ዝቅ ብላ ሕፃኑን ትቀበላለች። በሁለተኛው አንድ ሰው የታማሚን እግር ያክማል። እርሷ አዋላጅ፣ ባሏ ኡልፒዮስ አሜሪምኖስ ወጌሻ ነበሩ ማለት ነው። ሙያቸውን ለመናገር ቃል አላስፈለጋቸውም።

ሳቅም አልጠፋም። ኋላ የመታጠቢያ ቤት አካል በሆነ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ሶሎን፣ ታሌስና ኪሎን ሳይቀሩ ሰባቱ የግሪክ ጠቢባን በክብር ተቀምጠው ተሥለዋል። ስማቸው በግሪክ ፊደል ተጽፏል። ከራሳቸው በላይ በላቲን የተጻፈው ምክራቸው ግን ስለ ፍልስፍና ሳይሆን ስለ ሆድ ድርቀትና ሰው መጸዳጃ ቤት ሲገባ ሊያደርገው ስለሚገባው ነገር ነው። ዝርዝሩን በዚህ መጽሔት ላይ ማስፈሩ አይገባምና እተወዋለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል፤ ቀልዱ የሚያስቀው ጠቢባኑን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ይገቡ የነበሩት ሰዎች፣ የወደብ ሰዎች ቢሆኑም፣ ከሊቃውንት የተረፈው ወሬ በጆሮአቸው ደርሶ ነበር ማለት ነው።

የአማልክቱም ብዛት የወደብነቷ ምልክት ነው። የፋርሱ ሚትራ የሚመለክባቸው ጨለማ ክፍሎች ብቻቸውን ከ15 በላይ ተቆጥረዋል። በ1961 ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ደግሞ ከከተማዋ ዳርቻ፣ በጥንቱ ባሕር አጠገብ፣ የአይሁድ ምኩራብ ተገኘ። በድንጋዩ ላይ መቅረዙ፣ ቀንደ መለከቱና የዳስ በዓል የዘንባባ ቅርንጫፍ ተቀርጸዋል። ከእስራኤል ምድር ውጭ ከታወቁት ምኩራቦች ሁሉ እጅግ ከቆዩት አንዱ ነው።

ከ3ኛው ምእት ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ንግዱ ጠቅልሎ ወደ ትራጃን ወደብ ሄደ፤ በቆስጠንጢኖስ ዘመንም ያ ወደብ ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። ኦስቲያን የገደላት ግን እንደ ፖምፔይ የአንድ ቀን ጥፋት አይደለም። በ5ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ከሮማ ወደ ጎል በባሕር የተጓዘው ባለቅኔ ሩቲሊዮስ የኦስቲያው የወንዝ በር በአሸዋ መዘጋቱን መዝግቧል። በ6ኛው ምእት ዓመት የጎቶችን ጦርነት የጻፈው ፕሮኮፒዮስ በኦስቲያ በኩል ያለው መንገድ ችላ ተብሎ ዛፍ እንደበቀለበት፣ በወንዙም ላይ ጀልባ እንደማይታይ ይናገራል። በ9ኛው ምእት ዓመት ጳጳስ ግሪጎሪ 4ኛ የቀሩትን ነዋሪዎች ከአሮጌዋ ከተማ ጎን በተሠራ ትንሽ ምሽግ ሰበሰባቸው። በ1557 ደግሞ ቲቤር በታላቅ ጎርፍ ሞልቶ አካሄዱን ለወጠ፤ ከከተማዋ አጠገብ ይዞር የነበረው ክንፉ ደርቆ የሞተው ወንዝ ተባለ። ባሕሩም በደለል እየተገፋ ዛሬ ከፍርስራሹ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። ከተማዋ አልሸሸችም፤ የሸሿት ወንዙና ባሕሩ ናቸው።

ሰውም የድርሻውን አድርጓል። እምነ በረዷ በከፊሉ ለኖራ ተቃጠለ፤ በከፊሉ ለሌሎች ከተሞች ሕንፃ ተጋዘ። በፒሳ ካቴድራል ግድግዳ ውስጥ የኦስቲያ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ይገኛል። አካባቢው ረግረግ ሆኖ የወባ አገር ስለሆነ፣ ውኃውን የሚያጠነፍፉ ሠራተኞች በ1884 ከራቬና እስኪመጡ ድረስ ከእረኛና ከአዳኝ በቀር የሚደፍረው ሰው ብዙ አልነበረም። ከ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በጳጳሳቱ ትእዛዝ ቁፋሮ ይደረግ ነበር፤ ዓላማው ግን ሐውልትና ጌጥ ፈልጎ ወደ ቫቲካን ማስገባት ነበር። መንገድ በመንገድ፣ ቤት በቤት የሚከተል ሥራ የጀመረው በ1907 ዳንቴ ቫሊዬሪ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ደርሰናል። የፋሺስቱ መንግሥት ሥልጣን የያዘበትን 20ኛ ዓመት በ1942 በሮማ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለማክበር አቅዶ ነበር። ኤግዚቢሽኑ የሚቆመው ከሮማ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እንግዳው ጉብኝቱን ጨርሶ ወደ ኦስቲያ እንዲወርድና የጥንቱን ግዛት በዓይኑ እንዲያይ ተፈለገ። ጉይዶ ካልዛ በኃላፊነት፣ ኢታሎ ጂዝሞንዲ በአርክቴክትነት ሥራውን መሩ። ከ1938 እስከ 1942 ባሉት ጥቂት ዓመታት ከ600,000 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ተነሥቶ የተገለጠው የከተማዋ ስፋት ከቀድሞው እጥፍ ሆነ። በጦርነቱ ምክንያት ኤግዚቢሽኑ አልተከፈተም፤ የተቆፈረው ግን ተቆፍሯል።

ይህ የሆነበትን ጊዜ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያስታውስ ሊያልፈው አይችልም። ቁፋሮው ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1937፣ ያው መንግሥት ቁመቱ 24 ሜትር የሆነውን የአክሱም ሐውልት በወረራ ከያዘው አገር ነቅሎ በምጽዋ በኩል በመርከብ ወደ ኔፕልስ፣ ከዚያም ወደ ሮማ ወስዶ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ደጃፍ አቁሞት ነበር። በዚያው ዓመት የአውግስጦስ ቄሳር የልደት 2,000ኛ ዓመት በታላቅ ኤግዚቢሽን ተከብሯል። ከአፍሪካ ሐውልት በመርከብ ጭኖ ሮማ ማቆም ቄሳሮቹ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው፤ ድርጊቱም በዚያው ታስቦ የተፈጸመ ነው። የካሊጉላ መርከብ በወደቡ መሠረት ውስጥ ቀርታለች፤ የአክሱም ሐውልት ግን በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። ይህን የማነሣው ካልዛን ከወራሪው ጄኔራል ጋር ለማስተካከል አይደለም። ካልዛ የተማረ ሰው ነበር፤ የሮማ ድሀና መካከለኛ ነዋሪ በምን ዓይነት ቤት ይኖር እንደነበር ያወቅነው በአብዛኛው በእርሱ ሥራ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን የሰጠው፣ ቀኑንም የቆረጠው መንግሥት የሚፈልገው ከተማ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። የሚፈለገው የትራጃንና የሐድሪያን ዘመን፣ ግዛቱ የሰፋበት፣ ጡቡ ቀጥ ብሎ የተደረደረበት ከተማ ነው።

ከዚያ ከተማ በላይ ግን ሌላ ከተማ ተኝቶ ነበር። በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ምእት ዓመት የኖሩ ሰዎች አሮጌውን ሱቅ በተሰበረ ድንጋይ ከፍለው ለሁለት አድርገውታል፤ መንገዱን ከፍ አድርገው ደልድለዋል፤ በፈረሰ ቤት ውስጥ ጎጆ መሰል ክፍል ሠርተዋል። ጥድፊያው ይህን ሁሉ አልታገሠውም። ከ2ኛው ምእት ዓመት ወለል በላይ ያለው ብዙው ነገር በወጉ ሳይመዘገብ ከአፈሩ ጋር ተጠረገ። የወደቁ ግድግዳዎችም እንደገና ቆሙ፤ ስለዚህ ጎብኚው ዛሬ የጥንት ግንብ ነው ብሎ ከሚያደንቀው ጡብ አንዳንዱ የ20ኛው ምእት ዓመት እጅ ያረፈበት ነው። ሁሉም ተጣለ ማለት አይደለም። ኩፒድና ፕሲኬ የሚባለው የ4ኛው ምእት ዓመት ቤት ወለሉ ባለ ቀለም እምነ በረድ ስለሆነ፣ ሲተቃቀፉ የሚታዩ የሁለት ልጆች ሐውልትም ስለተገኘበት ተጠብቋል። የኋለኛው ዘመን ባለጠጋ በጌጡ ተረፈ፤ የኋለኛው ዘመን ድሀ ግን በሁለተኛ ሞት ሞተ።

ነገሩን ወደ እኛ ሙያ እናምጣው። በገዳማት የሚገኙ የወንጌል መጻሕፍት፣ በተለይም ወርቀ ወንጌል የሚባሉት፣ በባዶ ቅጠሎቻቸውና በኅዳጋቸው ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የስምምነትና የንብረት ማስታወሻ ተጽፎባቸዋል። የወንጌሉን ቃል ብቻ የሚፈልግ አርታኢ ይህን ሁሉ የእንግዳ እጅ ጽሑፍ ነው ብሎ ቢተወው በራሱ መንገድ አልተሳሳተም፤ የሚያሳትመው ወንጌል ነውና። የአገሪቱን የመሬት ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን የሚጠቀመው ከዚያው ከተተወው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። አርታኢው ከሠራ በኋላ ብራናው በገዳሙ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያነበው ይችላል። ቆፋሪ ግን የሚያነበውን ገጽ እያነበበ ያጠፋዋል። ከኦስቲያ የተጠረገው አፈር ዳግም አይነበብም።

ቢሆንም ተስፋው ጨርሶ አልተቆረጠም። ከተማዋ ገና ሙሉ በሙሉ አልተቆፈረችም፤ ሰፊው ክፍሏ አሁንም ከመሬት በታች ነው። በ2014 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች አፈሩን ሳይነኩ በመሣሪያ መሬቱን መርምረው፣ የከተማዋ ግንብ ቲቤርን ተሻግሮ በስተሰሜን እንደሚቀጥልና በዚያም ትልልቅ ጎተራዎች እንዳሉ አስታወቁ። እስከዚያ ድረስ ወንዙ የከተማዋ ድንበር ነው ሲባል ነበር፤ ለካስ በመካከሏ የሚያልፍ ጎዳናዋ ኖሯል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ከኬንትና ከበርሊን የመጡ ምሁራን በዋናው አደባባይ የተረፉትን የኋለኛ ዘመን ወለሎች በጥንቃቄ አጥንተዋል። ባዶ ነበረ በሚባለው ዘመን ሰዎች አደባባዩን ከሌላ ቦታ በመጣ እምነ በረድ ሲጠግኑት እንደኖሩ ታይቷል። እንግዲህ ኦስቲያ በ3ኛው ምእት ዓመት ሞተች የሚለው የቆየ አነጋገር በከፊል የከተማዋ ታሪክ ሲሆን፣ በከፊል ደግሞ የአካፋው ታሪክ ነው።

ሥነ ጽሑፉማ ይህን ቀድሞ ይነግረን ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ዘጠነኛ መጽሐፍ እንደጻፈው፣ በ387 ከእናቱ ከሞኒካ ጋር ወደ አፍሪካ ለመሻገር መርከብ ይጠብቁ የነበረው በኦስቲያ ነው። ከሕዝብ ግርግር ርቀው፣ ወደ ግቢው የአትክልት ስፍራ በሚያሳይ መስኮት ተደግፈው ስለ ዘላለም ሕይወት ተነጋገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቲቱ በንዳድ ታመመች፤ ሥጋዬን የትም ቅበሩት ብላ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ልጇ ያኔ 33 ዓመቱ ነበር። ይህ እንግዲህ በሞተች ከተማ የተደረገ ንግግር አይደለም። የሚጠለሉበት ቤት፣ የሚያርፉበት አትክልት፣ የሚጠብቁት መርከብ ነበራቸው።

ለሞኒካ መቃብር አንድ ሮማዊ መኮንን ያስጻፈው የላቲን ግጥም ቃሉ በብራና ግልባጭ ሲተላለፍ የኖረ ቢሆንም ድንጋዩን ያየ ሰው አልነበረም። ታላቁ ቁፋሮ ከቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1945 በጋ፣ ከፍርስራሹ ማዶ ባለችው በመካከለኛው ዘመን መንደር፣ በቅድስት አውሬያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሁለት ልጆች ለጨዋታ ምሰሶ ሊተክሉ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። አካፋቸው ከተሰበረ እምነ በረድ ጋር ተጋጨ። በላዩ ላይ የየስንኙ መጀመሪያ ብቻ ቀርቷል፤ ብራናዎቹ ካቆዩት ቃል ጋርም ይገጥማል። ድንጋዩ አሁን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።